ውስን እትም ሳንቲም ስናዝዝ፣ ስንት እንደተሸጠ የመጠየቅ ልምዴ

በማስታወቂያ ላይ «በዓለም ዙሪያ 5,000 ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሳንቲም ሰብሳቢ፣ ቶሎ ካላዘዘ የሚያመልጠው ይመስለዋል። ይህ ቁጥር ግን ሻጩ ከዚያ በላይ ላለማተም የገባው ቃል ነው እንጂ እስከ ዛሬ ስንት እንደተሸጠ የሚናገር አይደለም። 5,000 እንዲታተም ተፈቅዶ 700 ብቻ የተሸጠበት ሳንቲምና 4,900 የተሸጠበት ሳንቲም በማስታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ ለሚያዝዘው ሰው ግን ፈጽሞ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ተረጋግቶ ማሰብ፣ ዋጋ ማወዳደር፣ እጅ እስኪሞላ መጠበቅ ይቻላል፤ በሁለተኛው ላይ መጣደፍ በቂ ምክንያት አለው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሒሳብ ክፍል ስለሠራሁ ገቢና ወጪው ያልተነገረኝን ነገር ማመን አይሆንልኝም፤ ይህን ጠባዬን ወደ ሳንቲም መሰብሰብም ይዤው ገብቻለሁ። እንደ እኔ ከውጭ አገር የሚያዝዙ ሰዎችን ይጠቅም እንደሆነ ብዬ የማደርገውን እጽፋለሁ።

የምኖረው ከአዲስ አበባ ዳር፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከዚህ ሆኖ አንድ የብር ሳንቲም ማዘዝ ማለት ቨርጂኒያ ያለው የእህቴ ልጅ በራሱ ካርድ ይከፍልልኛል፣ ዕቃው እሱ ቤት ይደርሳል፣ ከዚያም ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ይቀመጣል ማለት ነው። መንገደኛው ሻንጣው ውስጥ ቦታ ቢያገኝለት እንኳ፣ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ቢጠየቅ የሚያሳየው የግዢ ደረሰኝ አብሮት መኖር አለበት። ሳንቲሙ እጄ ሲገባ ሻጩ ለመመለሻ የሰጠው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ደግሞ ዶላር ከእጥፍ በላይ ስለተወደደ፣ ቀድሞ በአንድ ወር ጡረታ የሚገዛው ዛሬ የሁለትና የሦስት ወር ይጠይቃል። መግዛት ቀላል፣ መመለስም ቀላል በሆነበት አገር የሚኖር ሰው ስለ ሽያጭ ቁጥር ብዙ ባይጨነቅ አይፈረድበትም፤ እኛ ግን ገንዘቡ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ነው ሁሉንም ማወቅ ያለብን።

ነገሩን ለመረዳት ሦስት ቁጥሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ጣሪያው ነው፤ በሕግ ወይም በአታሚው ውሳኔ ከዚያ በላይ እንዳይታተም የተወሰነው መጠን ማለት ነው። ሁለተኛው በእርግጥ የታተመው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጣሪያው ያንሳል፣ ምክንያቱም ብልህ አታሚ ገበያውን እያየ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያትማል እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትሞ መጋዘን አይሞላም። ሦስተኛው የተሸጠው ነው። ከታተመው ውስጥ ያልተሸጠው ተመልሶ ሊቀልጥ ይችላል፣ ለጅምላ ነጋዴ ሊሰጥ ይችላል፣ ወይም ለዓመታት በመጋዘን ሊቀመጥ ይችላል፤ የሳንቲሙን ብርቅነት የሚወስነው የትኛው እንደሆነ ነው። ማስታወቂያዎች ከሦስቱ ቁጥሮች ለይተው የሚያሳዩን የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ በአጋጣሚም አይመስለኝም።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም። አያቶቻችን በጥልፍ ከረጢት ያስቀምጡት የነበረው ጠገራ ብር፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛው፣ ላዩ ላይ 1780 ተጽፎበታል፤ ንግሥቲቱ ያረፉበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና ታትሟል፤ ከእ.ኤ.አ. 1935 ጀምሮ ጣሊያን በሮም አትማዋለች፤ ቀጥሎም እንግሊዞች በለንደን፣ በበርሚንግሃምና በቦምቤይ አትመውታል። በ1936 ዓ.ም. የወጡት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም እንዲሁ ዓመታቸው ሳይቀየር ለአሥርት ዓመታት መታተማቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ የ1936 ነው፣ ጥንታዊ ነው» ብሎ ሲያቀርብልን፣ ሳንቲሙ በእርግጥ መቼና ምን ያህል እንደታተመ ካልነገረን ምንም አልነገረንም። ጠገራው ለመገበያያ የወጣ ስለሆነ አታሚዎቹ ብዛቱን ለሰብሳቢ የማሳወቅ ግዴታ አልነበረባቸውም። ዛሬ «ውስን» በሚል ቃል ብቻ ዋጋውን ከብረቱ ብዙ እጥፍ አድርጎ የሚሸጥ ድርጅት ግን ያ ምክንያት የለውም፤ የሚሸጠው ዋናው ነገር ቁጥሩ ራሱ ነውና።

ግልጽነት ምን እንደሚመስል ያየሁት የአሜሪካ መንግሥት ሳንቲም ማተሚያ ቤት፣ ማለትም ዩናይትድ ስቴትስ ሚንት፣ በየሳምንቱ በሚያወጣው የሽያጭ መግለጫ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ እስከዚያ ሳምንት ድረስ የተሸጠው ድምር ይገለጻል። እኔ ለዚህ ብዬ ባለ መስመር ደብተር አለኝ፤ በግራ በኩል የሳንቲሙን ስምና ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የሳምንቱን ድምር፣ ቀጥሎ ካለፈው ሳምንት ጋር ያለውን ልዩነት፣ በመጨረሻ የቀረውን እጽፋለሁ። ዋናው ዓምድ ልዩነቱ ነው። ለምሳሌ ጣሪያው 10,000 ሆኖ በመጀመሪያው ሳምንት 4,000፣ በሁለተኛው 300፣ በሦስተኛው 120 ቢሸጥ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ግርግር በቋሚ ደንበኞች የተፈጠረ እንደነበረና ከዚያ በኋላ ያለው ፍላጎት ቀዝቃዛ እንደሆነ ያሳያል፤ እንዲህ ያለውን ሳንቲም ለማዘዝ የሚያስቸኩል ነገር የለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንትም ከሺህ በታች ካልወረደ ግን ለእህቴ ልጅ እደውላለሁ።

ድምሩ አንዳንድ ጊዜ ወደ ታች እንደሚወርድም ልብ ማለት ይገባል። የተሸጠ ነገር እንዴት ይቀንሳል የሚል ካለ፣ ካርዱ ገንዘብ ያልነበረበት ሰው ትዕዛዙ ይሰረዝበታል፣ ዕቃው ያልተስማማውም ይመልሳል፤ ሁለቱም ከድምሩ ይቀነሳሉ። እንዲያውም እንዲህ የሚቀንስ መግለጫ ነው ይበልጥ የሚታመነው፣ የሚመለሰውን ሳይደብቅ ያሳያልና። ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ የሽያጭ ቁጥር ብመለከት መጠርጠሬ አይቀርም፤ የሒሳብ ሰው በሽታ ልትሉት ትችላላችሁ።

ጣሪያው ብቻውን ምንም እንደማይነግር የሚያሳየው፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1997 ለቤዝቦል ተጫዋቹ ለጃኪ ሮቢንሰን መታሰቢያ የወጣው የአምስት ዶላር ወርቅ ነው። ጣሪያው 100,000 ነበር። 100,000 የሚል ቁጥር ያየ ሰው «ይህ ምን ብርቅነት አለው» ብሎ ቢያልፈው አይገርምም፤ ብዙዎችም አልፈውታል። በመጨረሻ የተሸጠው ግን ፕሩፍ በሚባለው፣ እንደ መስታወት በሚያንጸባርቀው አሠራር 24,072፣ በተራው አሠራር ደግሞ 5,174 ብቻ ነበር። ሁለቱ ተደምረው 29,246 መሆናቸው ነው፤ ከጣሪያው ሲሶ አይሞላም። ያ 5,174 ቁጥር ኋላ ሲታወቅ፣ ማንም ያልፈለገው ሳንቲም በዘመናዊዎቹ የአሜሪካ መታሰቢያ ሳንቲሞች ውስጥ በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ሆነ።

የተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ያው ማተሚያ ቤት የጥንት ሳንቲሞቹን መቶኛ ዓመት ለማክበር ሦስት የወርቅ ሳንቲሞችን በተከታታይ አወጣ። የመጀመሪያው ጣሪያ 125,000 ነበር፣ የመጨረሻው ደግሞ 70,000። በጣሪያ የሚመራ ሰው የ70,000ው ቀድሞ ያልቃል ብሎ ይገምታል፤ የሆነው ግን ባለ 125,000ው በመጀመሪያው ቀን ሲነጠቅ፣ ባለ 70,000ው በዕለቱ ሳያልቅ መቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 30,000 ጣሪያ የነበረው፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ብቻ የተፈቀደው ልዩ «የብር ንስር»፣ ማለትም ንስር የተቀረጸበት የአሜሪካ የብር ሳንቲም፣ በ65.95 ዶላር ቀርቦ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ፤ በቀናት ውስጥም ከ1,000 ዶላር በላይ ሲሸጥ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ የሳምንት መግለጫ መጠበቅ አይረዳም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ መገኘት ግድ ነው። ሽያጩ የሚከፈተው በዋሽንግተን እኩለ ቀን ላይ ሲሆን፣ እነርሱ በክረምትና በበጋ ሰዓታቸውን ስለሚቀያይሩ ለእኛ አንድ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይደርስና ዕቃው «ሳይሸጥ ያለቀ» ይመስለዋል።

ሌላው ቁጥሩ የሚያሳስትበት መንገድ አንድ ሳንቲም በብዙ ማሸጊያ ሲሸጥ ነው። ብቻውን በሣጥን ይሸጣል፤ ከሌሎች ጋር በስብስብ ይሸጣል፤ አንዳንዴም ያለ ሣጥን ለጅምላ ነጋዴ ይሰጣል። በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የትኛውን እንደሚመለከት መጠየቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ሮያል ሚንት በዚህ ረገድ ሁለት ቁጥሮችን ለይቶ ያስቀምጣል፦ አንደኛው የሳንቲሙ አጠቃላይ ጣሪያ ነው፣ ሁለተኛው በዚያ ሣጥንና በዚያ ምስክር ወረቀት የሚወጣው ብዛት ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ያንሳል። ሁለቱም ተጽፈው ሳለ አንባቢ ትንሹን ብቻ አይቶ ቢደሰት ጥፋቱ የአታሚው አይደለም። ኋላ የሚሸጡ ነጋዴዎች ግን ትንሹን ቁጥር ብቻ ነጥለው ሲያስተዋውቁ አይቻለሁ። በአሜሪካው በኩል እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ፕሩፍ የብር ንስር፣ በዌስት ፖይንት ማተሚያ መታተሙን የሚያሳየው የ«ደብልዩ» (W) ምልክት ያለበት፣ ከወርቅ ሳንቲሞች ጋር በአንድ ሣጥን በ999 ዶላር ብቻ ይሸጥ ስለነበረ የታተመው 30,125 ሆኖ ቀርቷል። የብር ሳንቲሙን ብቻ የፈለገ ሰው ወርቁንም መግዛት ነበረበትና ብዙዎች ተዉት። ይህን ሊገምት የሚችል ሰው የሣጥኑን ሽያጭ የተከታተለ ብቻ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። አንድ የውጭ አገር የግል ድርጅት፣ ስሙን የማልጠቅሰው፣ በአንዲት ትንሽ የደሴት አገር ስም የታተመ ባለ ቀለም የብር ሳንቲም ያቀርብ ነበር። እንደ ኒዌና ኩክ ደሴቶች ያሉ አገሮች ስማቸውን ለእንዲህ ዓይነት ሳንቲሞች እንደሚያውሱ የታወቀ ነው፤ ሥራውን የሚሠሩትና የሚሸጡት ኩባንያዎች ናቸው። ነገሩ በራሱ ነውር የለውም፤ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ላይ ያለው የማሳወቅ ልማድ ግን በእነዚህ ላይ አይገኝም። የእህቴ ልጅ ማስታወቂያውን አይቶ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሊያልቅ ነው ይላል። ልግዛው?»

«ስንት እንደተሸጠ ይላል?»

«እሱን አይልም። ‹ጥቂት ነው የቀረው› ነው የሚለው።»

«ጥቂት ማለት ስንት እንደሆነ ጠይቅልኝ። እስኪመልሱ አትክፈል።»

ደብዳቤውን እኔ አዘጋጀሁት፣ እሱ ተረጎመውና ላከው። ጥያቄዎቹ እነዚህ ነበሩ፦ ጣሪያው የሳንቲሙ ነው ወይስ የዚህ ማሸጊያ ብቻ? እስከ ዛሬ ስንት ታትሟል፣ ስንትስ ተሽጧል? ከተሸጠው ውስጥ ለጅምላ ነጋዴ የሄደው ምን ያህል ነው? ያልተሸጠው መጨረሻው ምንድን ነው፣ ይቀልጣል ወይስ ይቆያል? ያው ንድፍ በሌላ መጠን ወይም በወርቅ ቅብ ይወጣል? የመጀመሪያው መልስ ለጥያቄያችን ምስጋና አቅርቦ ሳንቲሙ በፍጥነት እያለቀ እንደሆነና ዛሬውኑ ብናዝዝ እንደሚሻል የሚገልጽ ነበር። አንድም ቁጥር የለበትም። ደግመን ስንጽፍ የሽያጭ መረጃ የንግድ ምስጢር ነው ተባልን። ምስጢር መሆኑን አልከለክልም፤ ግን ምስጢሩን ይዞ «ሊያልቅ ነው» ማለት አይቻልም፣ «ሊያልቅ ነው» ማለት ራሱ የሽያጭ መረጃ ነውና። አልገዛንም። ዓመት ካለፈ በኋላ ያው ሳንቲም በዚያው ድርጅት፣ በዚያው ዋጋ፣ የመላኪያው ሒሳብ ተነሥቶለት ይሸጥ ነበር፤ አጠገቡም ያው ንድፍ በወርቅ ተቀብቶ እንደ አዲስ «ውስን እትም» ቀርቦ ነበር።

ሁሉም የግል ሻጭ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። እነዚያኑ ጥያቄዎች ለሌላ አነስተኛ ድርጅት ልከን የታተመውን፣ የተሸጠውንና በእጅ ያለውን በሦስት መስመር ጽፎ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተረፈው እንደሚቀልጥና የቀለጠውም ብዛት እንደሚገለጽ ጨምሮ የመለሰልን አለ። የሸጠው ከጣሪያው ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር፤ ያንን ሳይደብቅ ነገረን። ከእሱ ገዝተናል። ትንሽ መሸጡን የሚናገር ሻጭ ደንበኛ እንዳይሸሽበት ይፈራ ይሆናል፤ ለሰብሳቢ ግን የሽያጩ ማነስ ራሱ መልካም ዜና ሊሆን እንደሚችል የገባው ሻጭ ብዙም አላጋጠመኝም።

«ሊሆን እንደሚችል» ያልኩት አስቤ ነው። የተሸጠው ማነሱ ዋጋ ያወጣል ማለት አይደለም፤ ፈላጊ ከሌለ 300ውም ብዙ ነው። በ1970 ዓ.ም. ለዱር አራዊት ጥበቃ የወጡት የኢትዮጵያ መታሰቢያ ሳንቲሞች አሉ፦ የደጋ አጋዘን ያለበት 25 ብር በብር፣ ዋልያ ያለበት 600 ብር ደግሞ በወርቅ። በካታሎግ እንደሚታየው የዋልያው ወርቅ ብዛት በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቸርችል ጎዳና ካሉት የጥንት ዕቃ መሸጫዎች ገብቶ ስለ እርሱ የሚጠይቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የወርቁ ግራም ተመዝኖ ዋጋ ይነገረዋል እንጂ ብዛቱ በሒሳብ አይገባለትም። በተቃራኒው ስንት እንደታተመ የማይታወቀው ጠገራ በየሱቁ አለ፣ በየቀኑም ገዢ ያገኛል፤ ለጌጥም፣ ለስጦታም፣ ለቱሪስትም ይፈለጋል። ስለዚህ የሽያጭ ቁጥርን የምጠይቀው ለመክበር ብዬ ሳይሆን የተነገረኝ ነገርና የምከፍለው ዋጋ መመጣጠኑን ለማየት ነው። ሳንቲሙን በመልኩ ወድጄው የምገዛ ከሆነ ደብተሩን ገልጬ አላይም፤ «ብርቅ ነው» ተብዬ የምገዛ ከሆነ ግን ብርቅነቱን በቁጥር ያሳዩኝ እላለሁ።

የተሸጠው ለማን እንደሆነም ይለያያል። አንድ ጅምላ ነጋዴ የጣሪያውን ትልቅ ድርሻ በአንድ ጊዜ ቢወስድ፣ መግለጫው ላይ «ተሽጧል» ይባላል፤ ሳንቲሙ ግን ሰብሳቢ እጅ አልገባም፣ ነጋዴው መጋዘን ነው ያለው። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያወጣ ስለሚሸጠው ዋጋው ለዓመታት ላይነሣ ይችላል። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው መጠን በግልጽ የተጻፈበትንና ያልተጻፈበትን ሽያጭ የማነጻጽረው በዚህ ምክንያት ነው። ገደቡ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ከሆነ ቁጥሩ ወደ ገዢዎቹ ብዛት ይጠጋል፤ ገደብ ከሌለው የሰዎች ብዛት መሆኑ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ጨምሩ፦ በዘመድ አድራሻ የምታዝዙ ከሆነ ገደቡ የሚቆጠረው በዘመዱ ቤት ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ለራሱ ያዘዘ ቀን ለእኔ ማዘዝ አይችልም፤ ይህን አስቀድመን ተነጋግረን ተራ ይዘናል።

በመጨረሻ ስለ ማስረጃ አያያዝ። ሽያጩ ሲዘጋ ጣሪያው የተጻፈበት ገጽ ብዙ ጊዜ ይነሣል ወይም ይለወጣል፤ ከዓመታት በኋላ ሳንቲሙን ለመሸጥ ወይም ለልጅ ለማውረስ ስንፈልግ የምናሳየው ነገር አይኖረንም። ስለዚህ ባዘዝኩበት ቀን ገጹ ቀኑን ይዞ እንዲታተምልኝ አደርጋለሁ፤ ቃሊቲ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያትምልኛል። ከደረሰኙና ከሻጩ የመልስ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ከሣጥኑ ክዳን ሥር አስገባዋለሁ፣ ሳንቲሙን ራሱን ግን እንዳይነካ፤ ተራ ወረቀት ከብር ጋር ተነካክቶ ሲቆይ ያጠቁረዋል። በሳምንታዊው መግለጫ ላይ የታየው ድምር የመጨረሻ አይደለም፤ የመጨረሻው ሒሳብ ሽያጩ ከተዘጋ ብዙ ቆይቶ ነው የሚወጣው፣ ከሳምንታዊውም ትንሽ ይለያል። ሲወጣ በዚያው ወረቀት ግርጌ ቀኑን ጽፌ እጨምረዋለሁ፤ ሳምንታዊውን ግን አልሰርዘውም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ሻጩ ለቀጣይ ጊዜ ምን ያህል እንደሚታመን ያሳዩኛል።